ከጣና እስከ ሮቶው፦ የባሕር ዳር ተማሪ የሚጠጣው ውኃና የሚተነፍሰው አየር

ባሕር ዳር ተመድቦ የመጣ ተማሪ ቤቱ ደውሎ «ውኃ ጠፍቷል» ሲል የሚያምነው አያገኝም። ጣና አጠገብ ተቀምጦ ውኃ እንዴት ይጠፋል? ስፋቱ ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ በሀገሪቱ ተወዳዳሪ የሌለው ሐይቅ ነው። ዓባይም የሚወጣው ከዚያው ከከተማዋ ጫፍ ነው። ይሁን እንጂ የከተማዋ ሰው ከቧንቧ የሚያገኘው ውኃ በዋናነት ከሐይቁ የሚቀዳ አይደለም። ከምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃ ነው።

ይህን ልብ ብንል ኖሮ ስለ ውኃ ጥራት የምናወራው ሌላ ወሬ በሆነ ነበር። የባሕር ዳር ውኃ ሲነሣ የምናነሣው እንቦጭን ነው፤ አየሩ ሲነሣ ደግሞ የባጃጅ ጭስን። ሁለቱም ሊነሡ ይገባል። ነገር ግን ግቢ ውስጥ የሚኖረውን ተማሪ ለሆድ ሕመም የሚያጋልጠው በአብዛኛው ሐይቁ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ሳይሆን የማደሪያው ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ፣ በመሬት ውስጥ የተሰነጠቀው ቧንቧና ከጎኑ ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው ብዬ አምናለሁ። ደረቱን የሚያፍነውም ከአስፋልቱ ይልቅ ከካፌው ጀርባ የሚነሣው ጭስ ነው። ቅርብ ያለውን ዘለን ሩቅ ያለውን ማየት ለምደናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጋር የአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። አምስት ጥቁር ሮቶዎች ተደርድረዋል። ከአምስቱ አንዱ ክዳን የለውም፤ በክዳኑ ፈንታ ቁራጭ ቆርቆሮ ተጥሎበት ድንጋይ ተጭኖበታል። ሠራተኛው ቆርቆሮውን ገፋ አደረገና በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አበራልኝ። ውኃው ከላይ ሲታይ ጥርት ያለ ነው። ሥሩ ላይ ግን የጣት ውፍረት ያለው ቡናማ ደለል ተኝቷል። የውስጥ ግድግዳውን በጣቴ ስነካው እንደ አምባዛ ቆዳ አንሸራተተኝ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታጠበ ጠየቅሁት። እሱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አለመታጠቡን ነገረኝ፤ ሥራ ከጀመረ ደግሞ ሦስት ዓመቱ ነበር። ወርደን ስንመጣ ከሥር ባለው ቧንቧ አንዲት ልጅ በባዶ ሃይላንድ ውኃ እየሞላች ነበር።

ያ የሚያንሸራትተው ነገር ረቂቅ ተሕዋስያን ተጋግዘው የሚሠሩት ሽፋን ነው። ውኃው ከምንጩ ሲነሣ ክሎሪን ቢደረግበት እንኳ እዚህ ሲደርስ ሽፋኑና ደለሉ ክሎሪኑን ይበሉታል። ክሎሪን እንደ ጨው ተጨምሮ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ቆሻሻ ባገኘ ቁጥር እየተዋጋ ያልቃል፣ ሙቀትም ያባርረዋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ጥቁር ሮቶ ሙቀትንም ደለልንም አንድ ላይ ይዞ ይጠብቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቧንቧ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። «ቀሪ» የሚለው ቃል ቁልፍ ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ ምን ያህል ተጨመረ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ምን ተረፈ ነው።

ጣሪያ ላይ ውኃ የምናጠራቅመው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ፈረቃው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ቧንቧ ውስጥ ውኃ በግፊት ሲሄድ ስንጥቅ ቢኖር ውኃው ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ይህ ብክነት ቢሆንም ቆሻሻ አያስገባም። ውኃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይወርድና ቧንቧው ባዶ ይሆናል፣ ያው ስንጥቅ ከውጭ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። በዙሪያው ያለው አፈር በፍሳሽ የራሰ ከሆነ የሚሳበው ያ ነው። ውኃ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደፍርሶ የሚወርደው ዝገት ብቻ አይደለም። ልምድ ያላቸው የባሕር ዳር እናቶች የመጀመሪያውን ውኃ ለአትክልትና ለወለል ያውሉታል እንጂ ለመጠጥ አይቀዱትም። ትክክል ናቸው። የሮቶው ተንሳፋፊ መዝጊያ ግን ይህን አይመርጥም፤ ቀድሞ የመጣውን ድፍርስ ቀድሞ ያስገባል።

ከዚህ ላይ የመሬቱን ጠባይ ጨምሩበት። ባሕር ዳር የተመሠረተችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ቀዳዳ የበዛበት፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቤት ለመሥራት መሠረት ያስቆፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የከርሰ ምድር ውኃን በገፍ ስለሚያሳልፍ ለከተማዋ በረከት ነው። ያው ጠባዩ ግን መርገምም ይሆናል፤ ከላይ የፈሰሰውን ሳያጣራ ወደ ታች ይለቅቃል። አሸዋ ቢሆን ኖሮ ፍሳሹ ቀስ እያለ ሲወርድ ተሕዋስያኑ በመንገድ ይሞቱ ነበር። በስንጥቅ ውስጥ ግን እንደ ቦይ ይነጉዳል። ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ተቋሙም ሽንት ቤቱን በጉድጓድ ይዞ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በሚጠብቅበት ከተማ፣ ሥሩ ያልተደፈነ ጉድጓድ ሁሉ ከአጠገቡ ካለ የውኃ ጉድጓድ ጋር ሳይታይ ይገናኛል። ክረምት ላይ ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ከፍ ሲል ርቀቱ ይበልጥ ያጥራል። «ይህ ጉድጓድ እኮ ሞልቶ አያውቅም» ብሎ የሚደሰት ባለቤት አጋጥሞኛል። ያልሞላው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ቢያስብ ኖሮ ባልተደሰተ ነበር።

ችግሩ የገንዘብ ነው የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ አንድ ስሌት እንሥራ። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታጥቦ የተዘጋጀ ሮቶ አለን እንበል። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ለማግኘት 10 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው የክሎሪን ዱቄት 70 በመቶ ገደማ ኃይል ካለው 14 ግራም ማለት ነው፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይርቅም። አምስት ሺህ ተማሪ የሚኖርበት ግቢ ለእያንዳንዱ ተማሪ በቀን 20 ሊትር ቢያቀርብ መቶ ሺህ ሊትር ነው፤ ለዚህ ሁሉ የሚበቃው ዱቄት ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በተማሪውና በተቅማጡ፣ በታይፎይዱ፣ በጃርዲያው መካከል የሚጎድለው በዋናነት በጀት አይደለም። በየማለዳው ዱቄቱን መዝኖ የሚጨምር፣ ከዚያም ወርዶ የመጨረሻውን ቧንቧ የሚለካ ኃላፊ ነው። ጃርዲያ ደግሞ ለክሎሪን በቀላሉ የማይበገር ስለሆነ ሮቶው መታጠብም አለበት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ቢሆን ደግ ነው።

«አፍልተው ይጠጡ» የሚለው ምክር ቤት ላለው ሰው ጥሩ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል። በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ የሚኖር፣ ምድጃ ማስገባት የተከለከለበት ተማሪ ግን በምን ያፈላል? ውኃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ገዝቶ በጀሪካን ጠብ የሚያደርግ ይኖራል፤ አብዛኛው ግን እንደመጣ ይጠጣል። ግቢው ራሱ ውኃውን ካላጸዳው ማንም አያጸዳለትም።

ወደ ሐይቁ ልመለስ። ጣና ጥልቀት የለውም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ያለው ደለል ይታወካል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት አፈር ከማዳበሪያ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ከፎገራ ሜዳ እስከ ቆጋ መስኖ ድረስ ለእርሻው የተበተነው ፎስፈረስና ናይትሮጅን በየዓመቱ ክረምት ከፊሉ ሐይቁ ውስጥ ያርፋል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በይፋ የታየው እንቦጭ ያገኘው ይህን የተደገሰ ማዕድ ነው። አረሙ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በየዓመቱ በዘመቻ ነቅለን በየዓመቱ የምናገኘው ለዚህ ነው፤ ማዕዱን ሳናነሣ እንግዳውን ብቻ ማባረር አይቻልም።

እንቦጭ ቢያንስ ለዓይን ይታያል። የባሕር ዳር ሰርጥ በሚባለው የደቡቡ ክፍል ውኃው ላይ አንዳንዴ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ነገር ግን ከእንቦጭ የባሰ ሊሆን ይችላል። ሳያኖባክቴሪያ ይባላል፤ ከዝርያዎቹ አንዱ ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ተሕዋስያኑ ሲፈነዱ መርዙን ወደ ውኃው ይለቅቁታል። ቧንቧ ሲደርቅ ጀሪካን ይዞ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ልብሱን ለማጠብ ወይም ለመዋኘት እግሩን የሚነክር ተማሪም ቢልሃርዝያ የሚገባው በአፍ ሳይሆን በቆዳ መሆኑን ልብ ይበል።

ደንገል ሌላው ነው። ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ከምድር የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ አግዶ የሚያስቀር አጥር ነበር። ሐይቁ ሲሸሽ የባሕር ሸሽ እርሻ ተከተለው፤ ከከተማዋ ወገን ደግሞ ግንባታውና መኪና ማጠቢያው። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ የውኃውን ከፍታ ለኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲባል ከፍና ዝቅ ማድረጉም ዳርቻውን አናግቶታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። ደንገሉን ሳይተክሉ የመዝገቡን ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ መስቀል ደለሉን አያቆምም።

አሁን ደግሞ አየሩ። ከመስቀል በኋላ፣ ደረቁ ወቅት ሲገባ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ወደ ከተማዋ ያየ ሰው ዘንባባዎቹ ላይ የተዘረጋ ስስ ነጠላ የመሰለ ነገር ይመለከታል። ጉም ነው ብለን እንደሰትበታለን። ብዙውን ጊዜ ግን የማገዶ ጭስ አለበት። ሌሊት መሬት ሲቀዘቅዝ ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ቀዝቃዛና ከባድ ስለሚሆን ተኝቶ ይቀራል፤ ጭሱም አብሮት ይተኛል። ረፋድ ላይ ምድሩ ሲሞቅ አየሩ ይነሣል፣ ከሐይቁ በኩልም ነፋሻው ይገባና ጭሱን ይበትነዋል። ስለዚህ በእኩለ ቀን ሰማዩን አይቶ «የባሕር ዳር አየር ንጹሕ ነው» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ያየው ግን የቀኑን መልካም ሰዓት ብቻ ነው። ተማሪው ለጠዋት ትምህርት የሚወጣውና ስፖርት የሚሠራው በመጥፎው ሰዓት ነው።

በዚህ ሰዓት እየነደደ ያለውን እንመልከት። አንድ ተማሪ በቀን ሁለት እንጀራ ቢበላ አምስት ሺህ ተማሪ ባለበት ግቢ አሥር ሺህ እንጀራ ይጋገራል። ማገዶ በሚጠቀም ወጥ ቤት ይህ ሁሉ የሚበስለው በባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ነው። እንዲህ ባለ አንድ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ መቆም አልቻልኩም፣ ዓይኔ ፈሰሰ። ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በምጣድ ረድፍ መካከል ይመላለሳሉ። አንዷ ምጣዱን በጉሎ ስታሰስ፣ ሌላዋ ሊጡን ስታዞር፣ ሦስተኛዋ ቅጠል እየማገደች እንደ ሽመና መሣሪያ ተቀናጅተው ይሠራሉ። ስለ ግቢ አየር ጥራት ሲወራ የመጀመሪያው ስም የእነርሱ መሆን አለበት። ተማሪው አራት ወይም አምስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። እነርሱ ግን እዚያው ያረጃሉ፤ ሳላቸውም «የዕድሜ ነው» ይባላል።

ጉዳቱን የሚያደርሰው የምናየው ጥቀርሻ ሳይሆን የማናየው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ 2.5 ማይክሮንና ከዚያ በታች ነው፤ የአንድ ጠጉር ውፍረት ይህን ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይሆናል። አፍንጫ አያቆመውም፤ እስከ ሳንባው ጫፍ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የዓመት አማካዩ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮ ግራም፣ የአንድ ቀኑም ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ጭስ መውጫ የሌለው የማገዶ ወጥ ቤት ውስጥ ልኬቱ በመቶዎች ነው የሚቆጠረው። በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓመት 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ የድርጅቱ ግምት ያሳያል።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይጠይቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ምርጥ ምድጃ አለ፣ ማገዶን ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከምድጃው በላይ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ ማውጫ ብየዳ ቤት ይሠራዋል። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሲያጡ የሚንከራተቱበት ግቢ ውስጥ ይህ ወጥ ቤት እስካሁን በጭስ መታፈኑ ያሳዝነኛል።

ከማደሪያው ጀርባ የሚቃጠለው ቆሻሻ ሁለተኛው ነው። የዘንባባ ቅጠል፣ ካርቶን፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ አንድ ላይ ተጠርጎ ምሽት ላይ ክብሪት ይጫርበታል። ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት እየጨሰ ሲነድ ዳዮክሲን የተባለውን መርዝ ይሰጣል፤ ከነፋሱ በታች ያለው መስኮት ደግሞ ክፍት ነው። ቅጠሉ ቢለይ ብስባሽ ይሆን ነበር። ለመለየት ሁለት በርሜል ይበቃል።

ባጃጁ፣ አሮጌው ሚኒባስና የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ አቧራ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከጊዜ ጋር ይረዳል፤ ቁፋሮው ላይ ውኃ መርጨት ግን ዛሬ ይቻላል። ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፦ ክፍል ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ገዳይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው በግሉ የተጎዳ መሆኑን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። ተማሪ ይህን አንቀጽ ይዞ መሄድ ይችላል። ሲሄድ ግን ቁጥር ያስፈልገዋል፤ «ውኃው ይሸታል» የሚል አቤቱታ በ«ይጣራል» ይመለሳል።

ባሕር ዳር ቁጥር ለማውጣት የሚቸግራት ከተማ አይደለችም። ፖሊ ቴክኒኩ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ውኃ ምህንድስና፣ ኬሚስትሪ፣ የጤና ሳይንስ ሁሉም አለ። ስለ ጣና ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ቤተ መጻሕፍት የገባ ያውቃል። ለመመረቂያ የሚሆን ልኬት ግን ሦስት ወር ተሠርቶ ያበቃል። ቧንቧ የሚፈልገው በየቀኑ የሚሠራውን ነው፤ የሚያስፈልገውም ትልቅ መሣሪያ አይደለም። በትንሽ ብልቃጥ ውኃ ይቀዳል፣ አንድ የዲፒዲ እንክብል ይጨመራል፤ ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለ እንደነበረ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የአየሩን ብናኝ የሚለካ መዳፍ የሚያህል መሣሪያም አለ፤ አንዱ ወጥ ቤት፣ አንዱ ማደሪያው ጀርባ፣ አንዱ በሩ ላይ ቢሰቀል ንጋትና እኩለ ቀን ምን ያህል እንደሚለያዩ በአንድ ሳምንት ይታወቃል።

የት እንደሚለካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ናሙናው ከማጠራቀሚያው ግርጌ ካለው አዲስ ቧንቧ ከተቀዳ ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ይሆናል። መቀዳት ያለበት ከአራተኛ ፎቅ ጥግ፣ ከመስመሩ መጨረሻ፣ ውኃ ለሁለት ቀን ጠፍቶ በተመለሰበት ጠዋት ነው። ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተጽፎ እዚያው ከቧንቧው በላይ ይለጠፍ፤ ልጅቷ ሃይላንዷን ከመሙላቷ በፊት ታንብበው።